የፋብሪካ ዝቃጭ ሸክላ ጡብ ውስጥ ይግባ ወይ?

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ሰላም። ባሕር ዳር ዙሪያ ሦስት ሆነን ተደራጅተን የሸክላ ጡብ ማምረት ጀምረናል። አፈራችን ጥቁር ነው፤ ጥሬ ጡቡ ሲደርቅ ይሰነጠቅብናል። ማገዶም ተወደደብን። አሁን አንድ ሰው ከቆዳ ፋብሪካ የሚወጣ ዝቃጭ ትራንስፖርቱን ችሎ በነፃ ሊያመጣልን ነው። የጨርቃ ጨርቅ ዝቃጭም አገኝላችኋለሁ ብሏል። ውጭ አገር ይሠራበታል ሲባል ሰምተናል። በስንት ፐርሰንት እንቀላቅል? እሳቱስ መርዙን አያቃጥለውም ወይ?»

ሰላም ለእናንተም። መኪናው ነገ ሊመጣ ስለሚችል መጀመሪያ በአጭሩ ልመልስ። የቆዳ ፋብሪካውን ዝቃጭ አትቀበሉ። አንድ ባልዲም ቢሆን። የጨርቃ ጨርቁን ለጊዜው አቆዩት። ስንጥቁ የሚድነው በድንጋይ ዱቄት ነው። ለማገዶው ደግሞ ከወረታ የሩዝ ወፍጮዎች ገለፈት አምጡ። ከዚህ በታች ያለው ለምን እንዲህ እንዳልኩ ነው። ይረዝማል፣ ግን ሦስታችሁም ብታነቡት ደስ ይለኛል።

ከጥያቄያችሁ ውስጥ ዋናው «እሳቱ መርዙን አያቃጥለውም ወይ» የሚለው ነው። ስንት ሰው ይህን ሳይጠይቅ ይቀላቅላል። እሳት የሚያቃጥለው የሚቃጠል ነገር ነው። ዝቃጩ ውስጥ ያለ ጸጉር፣ ስብ፣ የሥጋ ቅሪት፣ እሱ ሁሉ ይቃጠላል። ክሮሚየም ግን ብረት ነው። ክሮሚየም ሆኖ ምድጃ ይገባል፣ ክሮሚየም ሆኖ ይወጣል። መልኩን ሊቀይር ይችላል እንጂ አይጠፋም። የሚያስፈራው ደግሞ ይኸው መልክ መቀየሩ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዛሬ አብዛኛው ፋብሪካ ቆዳ የሚያለፋው በክሮሚየም ጨው ነው። በተለመደው አሠራር ከሚጨመረው ክሮሚየም ቆዳው የሚወስደው ከመቶ 60 ወይም 70 ገደማውን ነው። የቀረው ከውሃው ጋር ይወጣና ማጣሪያ ላይ ሲደርስ ዝቃጩ ውስጥ ይቀመጣል። በዚህ ጊዜ ያለው ክሮሚየም ሦስት የሚባለው ዓይነት ነው። በቀላሉ ውሃ ውስጥ አይሟሟም፣ ከሌላው ዓይነት ጋር ሲነጻጸር ገር ነው። ግን ዝቃጩ ውስጥ ብቻውን አይደለም፤ ኖራም አብሮት አለ። ጸጉሩ እንዲለቅ ቆዳው መጀመሪያ በኖራና በሰልፋይድ ይነከራልና። እንግዲህ ክሮሚየም ሦስት ከኖራ ጋር ሆኖ አየር ባለበት ሲግል ክሮሚየም ስድስት ይወጣዋል። ይሄኛው ውሃ ውስጥ ይሟሟል። ቢጫ ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡት ጋር አንደኛ ምድብ ላይ አስቀምጦታል። ስለዚህ ገር ሆኖ የመጣላችሁን ነገር በራሳችሁ ምድጃ፣ በገዛ ማገዶአችሁ ክፉ ታደርጉታላችሁ ማለት ነው። ለዚህ ነው «ይቃጠላል» የሚለው ሐሳብ እዚህ ላይ ጭራሽ የሚገለበጠው።

ውጭ አገር ይሠራበታል የሚባለው ውሸት አይደለም። ሙቀቱ ከፍ ብሎ ሸክላው ውስጡ እንደ መስታወት መቅለጥ ሲጀምር ክሮሚየሙን አስሮ ሊይዘው ይችላል። በላብራቶሪ ምድጃ፣ ዲግሪው እየተለካ፣ አየሩ እየተመጠነ፣ ከእያንዳንዱ ዙር ናሙና ተወስዶ ምን ያህል ክሮሚየም ወደ ውሃ እንደሚለቅ እየተመረመረ ይሠራል። የእናንተ ምድጃ ግን፣ በማገዶ የሚሠራ ክምር ከሆነ፣ መሐሉ 950 ዲግሪ ሲደርስ ዳሩ 700 ላይ ሊሆን ይችላል። ከዳር ያለውን ጡብ አይታችሁት ታውቃላችሁ፤ ብርቱካንማ ሆኖ ይቀራል፣ በጥፍር ይፋቃል። እሱ ክሮሚየሙን ምንም አልያዘውም። ኖራውና አየሩ ግን እዚያም አሉ።

መጠኑን አብረን እናስላው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የክሮሚየም ወሰን በሊትር 0.05 ሚሊ ግራም ነው። ስለዚህ 1 ግራም ክሮሚየም ቢሟሟ 20,000 ሊትር ውሃ ወሰኑ ላይ ያደርሳል። ባለ 10,000 ሊትር ሁለት ቦቴ በሉት። አሁን 3 ኪሎ ጡብ ውስጥ ከመቶ 10 ደረቅ ዝቃጭ ብታስገቡ 300 ግራም ነው። ዝቃጩ ከመቶ 1 ብቻ ክሮሚየም ቢኖረው እንኳ እያንዳንዱ ጡብ 3 ግራም ይይዛል። 10,000 ጡብ ስትሸጡ 30 ኪሎ ክሮሚየም በሰው ግቢ አከፋፈላችሁ ማለት ነው። ሁሉም አይሟሟም፣ ትንሹ ነው የሚሟሟው። ግን የትኛው ጡብ ምን ያህል እንደሚለቅ እናንተ የምታውቁበት መንገድ የለም።

ጡብ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ግድግዳ ላይ አይቀመጥም። ይሰበራል። ስብርባሪው ክረምት ሲገባ ጭቃ ላይ ይደፋል፣ መንገድ ይጠቀጠቅበታል። ባሕር ዳር በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል፣ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም። ያ ውሃ ሁሉ መሄጃው ጣና ወይ ዓባይ ነው። ዓሣው የሚሰገረው፣ ልብስ የሚታጠበው፣ ከብት የሚጠጣው እዚያው ነው። ይህን ሳስብ ነገሩ የቴክኒክ ጥያቄ ብቻ አይሆንልኝም።

ሕጉንም እወቁት። በአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 መሠረት አደገኛ ቆሻሻን ያለ ፈቃድ ማጓጓዝም ማከማቸትም ክልክል ነው። ስለ አደገኛ ቆሻሻ ብቻ የወጣ አዋጅ ቁጥር 1090/2010ም አለ። ዝቃጩ ግቢያችሁ ሲራገፍ ኃላፊነቱም አብሮ ይራገፋል። ሰው የሚሸጥ ነገር ካለው ይሸጣል። ትራንስፖርት ከራሱ ከፍሎ የሚያመጣላችሁ ከሆነ ሸክሙን ወደ እናንተ እያዞረ ነው።

አሁን ወደ ስንጥቁ እንምጣ።

ጥቁር አፈር ካላችሁ ዋልካ ነው። በበጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ፣ በክረምት ጫማ የሚያስቀር ጭቃ። ፎገራ ሜዳውም፣ በጣና ዙሪያ ብዙው ረባዳ መሬትም እሱ ነው። ውስጡ ያለው የሸክላ ማዕድን ውሃ ሲያገኝ እንደ ደብተር ቅጠል ይገለጥና ውሃውን በቅጠሎቹ መሐል ይይዘዋል። ሲደርቅ ይከደናል። ለዚህ ነው የሚሸማቀቀው። ጡቡ ከላይ ቀድሞ ሲደርቅ ላዩ ይሸማቀቃል፣ ውስጡ ገና እርጥብ ስለሆነ አይከተለውም፣ ላዩ ይቀደዳል። እዚህ አፈር ላይ ዝቃጭ መጨመር ምንም አያስተካክልም። ዝቃጭ ራሱ ውሃ ተሸካሚ ነውና ያባብሰዋል እንጂ።

መጀመሪያ ለኩት። ጭቃውን ለጡብ እንደምታቦኩት አቡኩና 12 ሳንቲ ሜትር የሚያህል ዘንግ አድርጉት። ላዩ ላይ በምላጭ ሁለት ጭረት አድርጉ፣ በመሐላቸው ልክ 10 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ጥላ ውስጥ ይድረቅ። ከዚያ እንደገና ለኩ። 9 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ከመቶ 10 ተሸማቅቋል፣ ለጡብ በጣም ብዙ ነው። መሸማቀቁ ከመቶ 8 በታች ሲሆን መሥራት ይቻላል፣ እኔ ከመቶ 6 ወይም 7 ላይ ሲሆን ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ። ይህ ሙከራ ምንም ገንዘብ አይፈልግም። የአፈሩን ጉድጓድ በቀየራችሁ ቁጥር ድገሙት። አምስት ሜትር ራቅ ብሎ የተቆፈረ አፈር ፍጹም ሌላ ሊሆን ይችላል።

መድኃኒቱ የማይሸማቀቅ ነገር መጨመር ነው። ባሕር ዳር ዙሪያ ጥቁር ድንጋይ ሞልቷል፣ ክሬሸሮችም አሉ። ክሬሸር ድንጋይ ሲፈጭ ጠጠሩና አሸዋው ይሸጣል፣ ዱቄቱ ግን ብዙ ጊዜ ተከምሮ ይቀራል። እሱን ነው የምፈልገው። እሱም የኢንዱስትሪ ተረፈ ምርት ነው፣ ያውም ምን እንደሆነ የምናውቀው። በ1 ሚሊ ሜትር ወንፊት ንፉት፣ ከዚያ በታችም ከደቀቀ ይሻላል። በክብደት ከመቶ 15 ጀምሩ፣ መስመሩን ለኩ፣ ካልበቃ 20፣ 25 ድረስ ሂዱ። ከዚያ በላይ ሲሆን ጭቃው አልያያዝ ይላል፣ ከፎርሙ ሲወጣ ጠርዙ ይሸረፋል። ቀይ አፈር በቅርብ የምታገኙ ከሆነ ግማሽ በግማሽ ቀላቅላችሁም ሞክሩት፣ አንዳንዴ እሱ ብቻውን ይበቃል።

የራሳችሁን ስብርባሪም አትጣሉ። ሸክላ ሠሪ እናቶች ገል ፈጭተው ጭቃው ውስጥ ሲጨምሩ አይታችሁ ይሆናል። ያለ ምክንያት አይደለም። ገሉ አንዴ በእሳት አልፏል፣ ሁለተኛ አይሸማቀቅም፤ በዙሪያው ያለውን ጭቃ ደግፎ ይይዘዋል፣ ለእንፋሎቱም መውጫ ይከፍትለታል። ተቃጥሎ የተሰበረባችሁን ጡብ ፈጭታችሁ ከመቶ 10 ብትመልሱት ሥራው ይኸው ነው። ያለ ላብራቶሪ ይህን የደረሱበትን ሴቶች ሳስብ ሁልጊዜ ይደንቀኛል፤ እኔ ትምህርት ቤት ገብቼ ነው የተማርኩት።

አደራረቁንም አስተካክሉ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት ቀናት ጡቡ ጥላ ውስጥ፣ ላስቲክ ለብሶ ይቆይ። ከሰዓት በኋላ ከጣና የሚነሳው ነፋስ ደስ ይላል፣ ለጥሬ ጡብ ግን ጠላት ነው። አንዱን ጎን ብቻ ያደርቀዋል፣ ጡቡ ይቆለመማል። ወደ ባሕሩ የዞረውን ጎን በማዳበሪያ ጋርዱት። አፈሩንም ከባሕሩ ዳር፣ ደንገል ከሚበቅልበት አካባቢ እንዳትቆፍሩ አደራ። ጣና እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ያ ረግረግ ደለልን የሚያጣራው ወንፊት ነው፣ ዓሣም የሚራባው እዚያ ነው። ለጡቡም ቢሆን አፈሩ ስርና ብስባሽ የበዛበት ስለሆነ አይበጅም።

ማገዶ። የፎገራ ሩዝ ሲፈተግ የሚወጣው ገለፈት ብዙ ነው። ከብት ብዙም አይበላውም፣ ቶሎ አይበሰብስም፣ ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ይቃጠላል። ክብደቱ ላይ አንድ አምስተኛ ገደማው አመድ ነው፣ አመዱም በአብዛኛው ሲሊካ፣ ማለትም የአሸዋ ዋና ማዕድን ነው። ሲሊካ ደግሞ ለሸክላ ባዕድ አይደለም። ስለዚህ ገለፈቱ ጭቃው ውስጥ ገብቶ ምድጃ ሲደርስ ከውስጥ ነዶ ሙቀት ይሰጣል፣ የነደደበት ቦታ ትንንሽ ቀዳዳ ሆኖ ጡቡን ያቀለዋል፣ የተረፈው ሲሊካ እዚያው ይቀራል። የጤፍ ጭድ ለምርጊት ጭቃ እንደምንጨምረው ነው፣ ልዩነቱ ምርጊቱ እሳት ስለማይገባ ጭዱ አይነድም፣ ይሄኛው ግን ምድጃ ውስጥ ይነድዳል።

ምን ያህል ያግዛል? 1 ኪሎ ገለፈት 13 ሜጋ ጁል ገደማ ሙቀት አለው። በደንብ የተሠራ ምድጃ 1 ኪሎ ሸክላ ለማብሰል 2 ሜጋ ጁል ገደማ ይፈጃል፣ ስለዚህ ባለ 3 ኪሎው ጡብ 6 ይፈልጋል። ከመቶ 3 ገለፈት ከጨመራችሁ 90 ግራም ነው፣ እሱ 1.2 ሜጋ ጁል ገደማ ይሰጣል። አንድ አምስተኛ ማለት ነው። የእናንተ ምድጃ ሙቀት የሚያባክን ከሆነ ድርሻው ያንሳል፣ ቢሆንም የባሕር ዛፍ ፈልጥ ለሚገዛ ሰው ቀላል አይደለም።

እዚህ ላይ ሁሉም የሚሳሳተው ስህተት አለ። ፐርሰንት ሲባል በክብደት ነው፣ እናንተ ደግሞ ሳይት ላይ የምትለኩት በባልዲ ነው። ገለፈት በጣም ቀላል ነው፣ አንድ ሜትር ኩብ 100 ኪሎ ቢመዝን ነው። የላላ ደረቅ አፈር ግን 1,200 ኪሎ ገደማ ነው። ለአሥር ባልዲ አፈር አንድ ባልዲ ገለፈት ብትጨምሩ «10 ፐርሰንት ጨመርን» ትላላችሁ፣ እውነቱ ግን 1 ፐርሰንት እንኳ አልሞላም። ከመቶ 3 ለመድረስ ለአሥር ባልዲ አፈር ሦስት ባልዲ ተኩል ያስፈልጋል። በተቃራኒው ጆንያ የገባውን ገለፈት ጠቅጥቆ የሚለካም አለ። ስለዚህ አንድ ቀን ሚዛን ተዋሱና የራሳችሁን ባልዲ በአፈርም በገለፈትም መዝናችሁ ጻፉት። ከዚያ በኋላ ባልዲው ይበቃችኋል።

በክብደት ከመቶ 3 ጀምሩ፣ ከመቶ 5 አትለፉ። ገለፈት በጨመረ ቁጥር ጡቡ ይቀላል፣ ጥንካሬውም ይቀንሳል፣ ውሃ መምጠጡም ይጨምራል። ከቻላችሁ ወፍጮ ቤት አስፈጩት፤ ያልተፈጨው ረጃጅም ቀዳዳ ትቶ ይሄዳል፣ ጡቡ በእሱ በኩል ይሰበራል። ሰጋቱራም ያው ነው፣ ከእንጨት ቤቶች በነፃም በርካሽም ታገኛላችሁ፣ ስንጥሩን በ2 ሚሊ ሜትር ወንፊት አውጡለት። ትራንስፖርቱን ፈርታችሁ ከሆነ ደግሞ አስሉት። ወረታ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 20 ሜትር ኩብ የሚይዝ መኪና ሞልታችሁ ብታመጡ ክብደቱ 2 ቶን ብቻ ነው። ግን በጡብ 90 ግራም ሂሳብ 22,000 ጡብ ይሠራላችኋል።

አቃጠሉ ላይ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። ከ300 እስከ 700 ዲግሪ ባለው መሐል ገለፈቱ ይነድዳል። በዚህ ጊዜ ቸኩላችሁ ማገዶ ካበዛችሁ የጡቡ ላይ ይዘጋና ውስጡ አየር ያጣል። ሲሰበር ልቡ ጥቁር ሆኖ ታገኙታላችሁ። ጡቡ በደንብ መጋል ሳይጀምር፣ ገና ደብዛዛ ቀይ ሲሆን፣ ሁለት ሦስት ሰዓት እዚያው አቆዩት። የአየር መግቢያዎቹን አትድፈኑ። ከዚያ ወደ 950 ውሰዱት። በዐይን የምትገምቱ ከሆነ ያ ወደ ብርቱካን የሚያደላው ቀይ ነው፣ ግን ቴርሞኮፕል (የምድጃ ሙቀት መለኪያ) ግዙ፤ አንድ ዙር ጡብ ከምታበላሹ እሱ ይቀላል። ሲቀዘቅዝም ምድጃውን ቶሎ አትክፈቱ። 573 ዲግሪ ላይ አፈሩ ውስጥ ያለው ኳርትዝ የሚባል ማዕድን በድንገት መጠኑን ይቀይራል። ቀዝቃዛ አየር ያን ሰዓት ከገባ ጡቡ እንደ ፀጉር በቀጠነ ስንጥቅ ይሞላል፤ መጀመሪያ አታዩትም፣ ሲጫን ነው የሚለየው።

የእብነ በረድ ዱቄት እንዳትጠይቁኝ ብዬ ልዝለለው ነበር፣ ግን እኔው ራሴ የተቃጠልኩበት ስለሆነ ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት አንድ ሥራ ላይ ከእብነ በረድ መቁረጫ የወጣ ዱቄት ከመቶ 10 ጨመርን። ወንፊት ይደረግ ሲባል «ደቃቅ ነው» ብዬ ያለፍኩት እኔ ነኝ። ጡቡ ከምድጃ ሲወጣ ቆንጆ ነበር፣ ሁለቱን ሲያጋጩት ቃጭል ነበር የሚመስለው። ውጭ ደረደርነው። በሦስተኛው ሌሊት ዘነበ። ጥበቃው ደወለልኝ፤ ጡቡ እየተንጣጣ ነው አለኝ። ጠዋት ስደርስ ከሩቡ በላይ ፊቱ እንደ ፈንጣጣ ተቦድሷል፣ በእያንዳንዱ ጉድጓድ ሥር ነጭ ነጥብ አለ። እብነ በረድ ከ700 እስከ 900 ዲግሪ ባለው መሐል ኖራ ይሆናል። ኖራ ውሃ ሲነካው ያብጣል። ዱቄት የሆነው ከሸክላው ጋር ተዋህዶ ምንም አይልም፤ ጠጠር የሆነው ግን ጡቡን ይፈነቅለዋል። ያ ሁሉ የሰው ድካም የጠፋው በእኔ ችኮላ ነው። ከግማሽ ሚሊ ሜትር በታች ካልተነፋ እብነ በረድ አትንኩ። አፈራችሁ ራሱ ነጭ የኖራ ጠጠር ካለውም ያው ነው፤ ዋልካ ላይ አንዳንዴ ይገኛልና ስትቆፍሩ ተመልከቱ።

ወደ ጨርቃ ጨርቁ ዝቃጭ። እንደ ቆዳው አልፈራውም፣ ግን አላምነውም። ከማጣሪያ ሲወጣ ብዙው ውሃ ነው፣ ከመቶ 80 ውሃ ከሆነ 10 ቶን አስጭናችሁ 2 ቶን ነው የሚተርፋችሁ። ጥጥ ሲቀለም ብዙ ጨው ይገባበታል፣ ጨው በእሳት አይጠፋም። ግድግዳው ከተሠራ በኋላ እርጥበት ሲያገኝ ወደ ላይ ይወጣና ነጭ ያለብሰዋል፣ ሲበዛ የጡቡን ፊት ይገፋና ይልጠዋል። ደንበኛ ነጭ ያወጣ ግድግዳ ካየ ሁለተኛ አይመጣም። አንዳንዱ ቀለም መዳብ ወይም ክሮሚየም አለበት፣ ስለዚህ ከየትኛው ቀለም እንደመጣ ሳይታወቅ መቀላቀል በጭፍን መሄድ ነው። አንድ ቀን ልትሞክሩት ከፈለጋችሁ ፋብሪካው የምርመራ ውጤት ይስጣችሁ፤ ክሮሚየም፣ እርሳስ፣ መዳብ፣ ዚንክ፣ የጨው መጠን። የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱም በጽሑፍ ይፍቀድ። ከዚያ ከመቶ 5 ባልበለጠ፣ ሃያ ጡብ ብቻ። ጨውን ለማየት ቀላል ዘዴ አለ፦ ጡቡን በቁሙ ሁለት ተኩል ሳንቲ ሜትር ያህል የዝናብ ውሃ ባለበት ሳህን ውስጥ ለ7 ቀን አቁሙት። ከዚያ አድርቁት። ነጭ ካወጣ ግድግዳም ላይ ያወጣል።

እምቦጭስ? ትሉኝ ይሆናል፣ ባሕር ዳር ሆኖ የማይጠይቅ የለም። ጣና ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 ከታየ ወዲህ ሁሉም መላ እየፈለገለት ነው፣ እኔም ብሆን ጡብ ቢበላው ደስታዬ ነበር። ግን ከመቶ 90 በላይ ውሃ ነው። አንድ ኩንታል ስታደርቁ ከ10 ኪሎ በታች ነው የሚቀራችሁ፣ አመዱም ጨዋማ ነው። ከዳር ታጭዶ ደርቆ የተከመረ ካለ ማገዶ ላይ ጨምሩት፣ ጭቃው ውስጥ ግን ሩዙ ይሻላል። ብርጭቆም ጥሩ ነው፣ ሸክላው ባነሰ ሙቀት እንዲበስል ያግዛል፤ ነገር ግን እንደ ዱቄት መድቀቅ አለበት፣ እናንተ ወፍጮው ስለሌላችሁ ተዉት። የቢራ ፋብሪካ አተላ ጡብ ውስጥ ይገባል የሚል ነገር ካነበባችሁ እውነት ነው፣ ይገባል። ግን ላም የሚበላውን ነገር ማቃጠል አልደግፍም።

ሙከራችሁን እንዲህ አድርጉት። ምንም ያልተጨመረበት አሥር ጡብ፣ የድንጋይ ዱቄት ብቻ ያለበት አሥር፣ የድንጋይ ዱቄት ከ3 ከመቶ ገለፈት ጋር አሥር፣ ከ5 ጋር አሥር። እያንዳንዱ ላይ እርጥብ ሳለ ቁጥር ቅረጹበት። ሁሉንም ምድጃው ውስጥ አንድ ቦታ፣ መሐል ላይ አድርጉ፤ አንዱን መሐል ሌላውን ዳር ካደረጋችሁ የምታወዳድሩት የምድጃውን ቦታ ይሆናል። ሲወጡ መዝኑ፣ 24 ሰዓት ውሃ ውስጥ ንከሩ፣ ጠረግ አድርጋችሁ እንደገና መዝኑ። 3,000 ግራም የነበረው 3,450 ከሆነ ከመቶ 15 መጥጧል፣ ጥሩ ነው። ከ20 ካለፈ ወይ አልበሰለም ወይ ገለፈት በዝቷል። የቀረውን ለጭነት ምርመራ ወደ ላብራቶሪ ውሰዱ፣ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፖሊ ግቢ ያሉትን የማቴሪያል ሰዎች ጠይቁ። የአሜሪካው የጡብ ደረጃ፣ ኤ.ኤስ.ቲ.ኤም. ሲ62፣ ከዝናብና ከውርጭ ለተጠለለ ግድግዳ በአማካይ 10.3 ሜጋ ፓስካል (ጭነት የመቻል ልክ)፣ መካከለኛ አየር ለሚያገኘው 17.2 ይጠይቃል። ባሕር ዳር ላይ ውርጭ ብዙም አያሰጋም፣ የከተማው ፎቅም የሚቆመው በኮንክሪት ምሰሶ ስለሆነ ጡባችሁ ብዙ ጊዜ ክፍተት ሞይ ነው። ስለዚህ ትንሽ ጥንካሬ ከፍላችሁ ቀላል ጡብ ብታገኙ አልከሰራችሁም። ለመሠረትና ለአጥር ግን ገለፈት የሌለበትን ሽጡ። የኢትዮጵያን ደረጃ መስፈርትም ላብራቶሪው ይነግራችኋል፣ ጨረታ ላይ የሚጠየቀው እሱ ነው። በነገራችን ላይ ጡቡ ለ5 ሰዓት ተቀቅሎ የሚለካበት ምርመራም አለ፤ ባሕር ዳር ከፍታው 1,800 ሜትር ስለሆነ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፣ ውጤቱን ከቆላ ከመጣ ወረቀት ጋር ስታወዳድሩ ይህን አስታውሱ።

የድንጋይ ዱቄቱን ስትነፉ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ ወይም ትንሽ ውሃ እርጩበት። ሳንባ የሚጎዳው ቀስ ብሎ ነው።

ክረምት ከመግባቱ በፊት ብትጀምሩት ይሻላል፤ ከሰኔ በኋላ ጥሬ ጡብ ማድረቅ ሌላ ጣጣ ነው። የመስመሩን ልኬት፣ የአፈሩን ቀለም፣ ለሁለት የተሰበረ ጡብ ፎቶ ላኩልኝ። ልቡን ካየሁት ምድጃችሁ ምን እንደጎደለው ልነግራችሁ እችላለሁ። አሁን ግን ለሰውየው ደውሉና መኪናው እንዳይመጣ ንገሩት።